መነጽር የገዛችው ዶሮ

በዚህ ምድር ላይ «የጓንት ሰፈር»ን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚመሰክረው ነው፤ የማያውቀኝም ቢያውቀኝ ይመሰክር ነበር።

«የጓንት ሰፈር» ልጆች ሳለን በየቅዳሜው ጠዋት በቴሌቪዥን የምናየው የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነው። ሰፈርተኞቹ በሙሉ ከአሮጌ ጓንት የተሠሩ ናቸው፤ ፖስተኛው አይጥ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ኤሊ፣ እንቅልፋሙ ዘበኛ። ጣቢያው በኋላ ካሴት አጠረውና በላያቸው ላይ ዜና ቀዳባቸው። የተረፈው ሰው በየቤቱ የቀዳው ብቻ ነው፤ የሰርግ ካሴት ጭራ ላይ አምስት ደቂቃ፣ የኳስ ጨዋታ መሐል ሦስት ደቂቃ። እኛ ያንን እየፈለግን እንመዘግባለን። ማኅበራችን አሥራ አንድ አባላት አሉት። ሰው ሲጠይቀኝ ሦስት መቶ እላለሁ፤ ልባቸው ከእኛ ጋር የሆኑትን ጨምሬ ነው።

መዝገቡን የምትይዘው ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ቲቸር እንላታለን። ካሴቱ የተገኘ ክፍል በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጻፋል፤ ያገኘው ሰው ስምም አጠገቡ ይሰፍራል። በትዝታ ብቻ ያለ ክፍል ግን በእርሳስ ነው፤ እሱም ሌሎች ሁለት ሰዎች «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ካሉ። እኔ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴክ ጠጋኝ ነኝ። ሰፈሩ ኢንጂነር ይለኛል፤ እኔም አልከለክልም። በመዝገቡ ውስጥ ስሜ ስልሳ አንድ ጊዜ ተጽፏል። በእስክሪብቶ ስንቱ ነው የሚል ምቀኛ ካለ፣ አራቱ።

ከዚያ ጭጭ መጣ።

ጭጭ ልብስ ሰፊ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የሳምንት ንግግሩ በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል። መጋረጃ ሊለካ ሰው ቤት ይገባል፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መደርደሪያ በዐይኑ ያበጥራል፤ ከዚያ ካሴት ይዞ ይወጣል። በሁለት ዓመት ሃያ ሦስት ክፍል አገኘ፤ ሁሉም በሰማያዊ። ቲቸር እስክሪብቶዋን ጠቅ ስታደርግ ድምፁ የሚሰማኝ አንጀቴ ውስጥ ነበር። ይባስ ብሎ ካሴቶቹን የማጸዳው እኔ ነኝ። ሻጋታውን እኔ እጠርጋለሁ፤ የሚጻፈው የእሱ ስም ነው።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቀን።

«አንጀቴን።»

«እንግዲያው ልብስ ሰፊው ዛሬም አግኝቷል።»

አንድ ስብሰባ ላይ በአንድ ካሴት ሦስት ክፍል ይዞ መጣ። እኔም አላስቻለኝም። «መነጽር የገዛችው ዶሮስ?» አልኩ ኮሌታዬን እያስተካከልኩ። «ማንም አያስታውሳትም? ዶሮዋ ዐይኔ ደከመ ብላ መነጽር ትገዛለች። መነጽሩ የገዛ እንቁላሏን አጉልቶ ሲያሳያት፣ ይሄን የሚያህል እኔ አልጣልኩም ትላለች። ከዚያ እንቁላሉን ታቅፋ ባለቤቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ትዞራለች።»

እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረም። እዚያው ቁጭ ባልኩበት የፈጠርኩት ነው። ነገር ግን ገና ሳልጨርስ ከአባሎቻችን አንዱ፣ ፋርማሲስቱ፣ «ኧረ አዎ፣ ሻርፕም ነበራት» አለ። አንዷ ደግሞ «እኔማ አልቅሼላት ነበር» አለች። በወሩ ስድስት ሰው አስታወሳት። ቁጥር መቶ አርባ፣ በእርሳስ፣ በእኔ ስም።

በዚህ መሐል ቲቸር እትዬን አገኘቻቸው። እትዬ ፕሮግራሙን የሠሩት ሴትዮ ናቸው፤ በየጓንቱ ውስጥ የነበረው እጅ የእሳቸው ነው። መዝገባችንን ሊያዩ ተስማሙ። ከአሻንጉሊቶቹ ሁሉ የቀረው ፖስተኛው አይጥ ብቻ ስለሆነ፣ ይገባዋል ላሉት ሰው ሊሰጡት ይዘውት እንደሚመጡም ተነገረን። እኔ በዚያው ቀን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁ።

«ሚስማርህን አይተው ነው የሚሰጡህ?» አለች ባለቤቴ።

«ስልሳ አንድ ጊዜ ስሜን አይተው» አልኳት።

የተሰበሰብነው በልጆች ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ወንበሮቹ ከማነሳቸው የተነሳ ጉልበታችን አገጫችንን ይነካል። እትዬ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ የአይጡ ጆሮ ከዚፑ ብቅ ብሏል። ቲቸር መዝገቡን ስትገልጥ ጭጭ ተነሳ።

«ቁጥር መቶ አርባን አገኘሁ» አለ።

መደንገጥ ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። የሌለ ነገር እንኳ ቀድሞኝ አገኘ። «የለም» እንዳልል ውሸቴ ይወጣል። ካሴቱን በገዛ እጄ፣ በገዛ ዴኬ ውስጥ ከተትኩት።

ስክሪኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ የአንድ ሙሽራ ጀርባ አለፈ፤ ከዚያ በጥቁርና ነጭ ዶሮዋ መጣች። መነጽሯን ገፋ አድርጋ እንቁላሉን ስታይ፣ ወደ ኋላ ስትል፣ እንደገና ስትጠጋ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የእኔም አፍ ሊስቅ ሲል ያዝኩት። እኔ ካወራኋት ይልቅ ታምራለች። 

ሽርጧን ያየሁት ያኔ ነው። ዳማ ዳማ ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ ክብ ቀዳዳ አለበት። ያንን ቀዳዳ አውቀዋለሁ። ስበይድ የቀለጠ ብረት ጠብ ብሎ ሱሪዬን አቃጠለውና ቀዳዳው ተቆርጦ እንዲወጣ ጭጭ ዘንድ ወስጄው እግሩን አሳጥሮልኛል።

ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። «ይሄ ሱሪዬ ነው።»

«ቁራጩን ጣለው ብለኸኝ ነበር» አለ ከስክሪኑ ዐይኑን ሳያነሳ።

«ዶሮዋ አልነበረችም እኮ።»

«ያንን ካንተ በቀር ማን ይናገራል?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ስትዋሽ ኮሌታህን ታስተካክላለህ። የወገብህን ቁጥር ስትነግረኝም እንደዚያው ነህ።»

ካሴቱ አለቀ። ሁሉም እትዬን ማየት ጀመረ።

«ይቺን እኔ አልሠራኋትም» አሉ።

«ረስተዋት ይሆናል፣ እትዬ» አለ ፋርማሲስቱ። «ሻርፕም ነበራት።»

«ልጄ፣ ባሌን ልረሳ እችላለሁ፤ እጄን አልረሳም። የእኔ ትንሿ ጣት አትታጠፍም።» ጣታቸውን አንስተው አሳዩን። «የዚች ዶሮ ግራ ክንፍ ግን፣ ትንሿ ጣት የምትገባበት፣ ይታጠፋል። የማን እጅ ነው?»

ጭጭ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። አለቀለት አልኩ በልቤ፤ አሁን ሃያ ሦስቱም ይፈተሻሉ፤ አይጡም ወደ ሚስማሩ ይመጣል። ደስታዬ ሦስት ሰከንድ ቆየ።

«ና እስቲ» አሉት እትዬ። በመርፌ የተወጋጋውን ጣቱን ገለባብጠው አዩ። ከዚያ አይጡን ከቦርሳው አውጥተው እጁ ላይ አለበሱት። ጭጭ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ አይጡ አንገቱን ቀና አድርጎ ለእያንዳንዳችን በተራ እጅ ነሳ። ለእኔም።

«እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም» አሉ። «ታሪኩስ? የገዛ እንቁላሏን አላውቅም ያለችውን አንተ ነህ ያሰብከው? እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ አልመጣልኝም።»

ጭጭ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት እውነቱን ሊናገር ነበር። እኔ ግን የእሱን ንግግር ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? በአንድ ቀን አይጡንም ዶሮዬንም ሊወስድ ነው።

«የእኔ ነው» ብዬ ተነሳሁ። ትንሿ ወንበር መቀመጫዬ ላይ ተጣብቃ አብራኝ ተነሳች። «ከመነጽሯ እስከ እንቁላሏ የእኔ ነው። እንዲህ ያለች ዶሮ በፕሮግራሙ ኖራ አታውቅም፤ ከራሴ አውጥቼ የፈጠርኳት እኔ ነኝ።»

የተናገርኩት ለራሴ የተሰማኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፋርማሲስቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቲቸር ላጲሷን አነሳች።

«የቀሩት ሃምሳ ስድስት የእርሳስ ክፍሎችስ?» አለችኝ።

«አብዛኞቹ እውነት ናቸው።»

ጭጭ ሳል አለ። እጄን ከኮሌታዬ አወረድኩ።

«ዘጠኙ» አልኩ።

ላጲሱ እስኪያልቅ ስትፍቅ እትዬ ስቀው ስቀው ዕንባቸውን ጠረጉ። ሲወጡም «አንተ አስብ፣ እሱ ያንቀሳቅስ። በወሩ ሌላ አሳዩኝ» አሉን። አራት መቶ ታሪክ ዝግጁ አለኝ አልኳቸው።

ቲቸር በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ያልነበረች ዶሮ» ብላ በሰማያዊ ጻፈች፤ ከሥሩም «ታሪክ፦ ኢንጂነር፤ እጅ፦ ልብስ ሰፊው»። ስሜ እንዲቀድም ግማሽ ሰዓት ተከራክሬያለሁ።

አይጡ ጭጭ የስፌት መኪና አጠገብ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ሱሪዬን ላሳይ እያልኩ ገብቼ አየዋለሁ። ባለቤቴ ሚስማሩ ባዶውን አይቆይ ብላ ያንኑ ዳማ ሱሪ ሰቅላበታለች።

ትናንት ጭጭ ወደ ሱቄ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አገኘህ?» አለኝ።

«በዝተውብኝ እየመረጥኩ ነው።»

ዐይኑ ወደ ኮሌታዬ ሄደ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።