ከድልድዩ ማዶ ያለው ማደሪያ

አምቡላንሱ ሚዙሆን ሲወስዳት የጌሙ ማሽን እንደበራ ነበር። ልጅቷ ቃሬዛው ላይ ሆና፣ ፊቷ እንደ ሩዝ ነጥቶ፣ የእናቷን እጅጌ ጨመደደች።

«እማ፣ እንዳታጠፊው። በናትሽ። ማደሪያ ሳልደርስ ነው ያመመኝ።»

«አላጠፋም፣ አላጠፋም» አለች ቺዙሩ። ምኑን እንደማታጠፋ እንኳ በቅጡ አልገባትም። በዚያች ሰዓት ልጇ ጨረቃን እንዳታወርጂ ብትላትም አላወርድም ብላ ትምል ነበር።

ሐኪሞቹ ትርፍ አንጀት ነው አሉ። በጣም ስለተቆጣ መጀመሪያ በመድኃኒት ይብረድ፣ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በኋላ ይሆናል አሉ። ልጅቷ ተኛች፤ ማሽኑም እቤት እንደበራ ቀረ።

ሚዙሆ በማግስቱ ነገሩን አስረዳቻት። በጌሙ ውስጥ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ትንሽ መንገደኛ አገር ላገር ትዞራለች። ማደሪያ ቤት ገብታ ስትተኛ ማሽኑ ላይ የተሰካው የጌም ካሴት የሄደችበትን ሁሉ ይይዝላታል። ሳትተኛ ማሽኑ ከጠፋ ግን ከመጨረሻው መኝታዋ ወዲህ የሄደችው መንገድ እንዳልተሄደ ይሆናል። ሚዙሆ መኸሩን ሙሉ ስትወድቅበት የከረመችውን ተራራ የተሻገረችው ሆዷን ባመማት ቀን ነው። ከክፍሏ ልጆች ያን ተራራ የተሻገረ አልነበረም።

ማሽኑ መብራቱን የሚያሳይ አምፖል የለውም። መሥራቱ የሚታወቀው ግድግዳው ላይ የተሰካው ጥቁር ትራንስፎርመር ሲዳሰስ ነው። ቺዙሩ ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ መጀመሪያ የምትሄደው ወደዚያ ነበር። የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፏን ታሳርፍበታለች። ሙቅ ሲሆንላት ትተነፍሳለች።

ቤቱ የመርከበኞች ቤተሰቦች ከሚኖሩበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ባሏም ባሕር ላይ ነበር። የቶያማ ከተማ ክረምት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ሆኖም ማሞቂያና የሩዝ ማብሰያ አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ወርዶ የቤቱ መብራት ይጠፋል። ቺዙሩ ማሞቂያውን ነቀለች፣ ሩዙን በጋዝ ቀቀለች፣ ካውያውንም መደርደሪያ ላይ ሰቀለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ኩዋባራ የተቀቀለ ነጭ የሥር አትክልት በሳህን ይዘው ሲመጡ ካፖርት ለብሳ አገኟት።

«አንቺ፣ ቤት ውስጥ ካፖርት?»

«ማሞቂያ ከሰካሁ ብሬከሩ ይወርድብኛል፣ እትዬ።»

«ይውረዳ! መልሰሽ ታወጪዋለሽ።»

«የልጄ ጌም ይጠፋል።»

ወይዘሮ ኩዋባራ ማሽኑንም እሷንም አዩ። «ልጅሽን ሐኪም ያስታምማታል፣ አንቺ ደግሞ ዕቃ ታስታምሚያለሽ። ኋላ ሁለታችሁም ስትተኙ ማንኛችሁን ልጠይቅ ነው?» አሉና ሄዱ። ትንሽ ቆይተው የሞቀ ውሃ የተሞላ የመኝታ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። «ይኼ ብሬከር አያወርድም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ሲደፈርስ፣ ቺዙሩ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች። መንገደኛዋ እዚያው እንዳለች ለማየት ብቻ ነው፤ ትል የነበረው እንዲያ ነው። መንገደኛዋ በረዶ የሸፈነው ወንዝ ዳር ቆማለች። ማንም ስለማያንቀሳቅሳት ትንሽ ትንሽ ትተነፍሳለች እንጂ የትም አትሄድም። በረዶው ይወርድባታል። ከሥር በነጭ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል።

ቺዙሩ ከትምህርት ቤት ወጥታ ፈትል ፋብሪካ የገባችው በልጅነቷ ነበር። ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው፤ ለአዋቂዎች በተከፈተ ክፍል። የጋዜጣው ከባድ ፊደላት አሁንም ዓይኗን ያጥበረብሯታል። እዚህ ግን የተጻፈው ሁሉ ልጆች መጀመሪያ በሚማሩት ቀላል ፊደል ነው። ጣቷን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እያስኬደች አነበበች። «በ-ረ-ዶው ድምፅ የለውም። ወንዙ ግን ከሥሩ ይ-ናገራል።»

ደጋግማ አነበበችው። በመስኮቱ የሚታየው በረዶና በመስታወቱ ውስጥ የሚወርደው በረዶ ቀስ በቀስ አንድ ይሆኑባታል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷ ግን አውቶቡስ ላይ ሆና ያን ወንዝ ትናፍቀው ጀመር። መንገደኛዋ ብቻዋን እንደቆመች ስታስብ ደግሞ ሻርፗን ጠበቅ አድርጎ የሚያስርላት ሰው ተመኘችላት።

የፈሩት ይደርሳል። ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቺዙሩ መጀመሪያ «ሐሙስ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «መብራት» የሚለውን ለየች፤ የቀረውን ወይዘሮ ኩዋባራ አነበቡላት። የሕንፃው መስመር ስለሚመረመር ሐሙስ ጠዋት ለሁሉም ቤት መብራት ይቋረጣል። የሚዙሆ ኦፕራሲዮንም ሐሙስ ነው፤ ከቀትር በኋላ።

ሚዙሆ ስትሰማ አላለቀሰችም። ኮርኒሱን አየች። «እንግዲያው ማደሪያ የምታደርሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ ከቴሌቪዥን ሌላ የከፈትኩት ነገር አለ?»

«የክፍሌ ልጅ ሳዮኮ ነግራኛለች። የአጎቷ ልጅ እዚያ ደርሷል። ከድልድይ ማዶ ማደሪያ አለ። ጠዋት መብራቱ ሳይጠፋ እደውላለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሚዙሆ ከኮሪደሩ ስልክ፣ ግሉኮስ የተንጠለጠለበትን ብረት ይዛ ነው የምትናገረው። ቺዙሩ የስልኩን ገመድ ስባ፣ እጀታውን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች ያዘችው።

«ወንዙን ተከትለሽ ውረጂ።»

«ወዴት ነው ታች?»

«እማ! ታች ታች ነው!»

መንገደኛዋ ተራመደች። ቺዙሩ ትንፋሿን ያዘች። ያን ያህል ጊዜ ስትጠብቃት የቆየችው መንገደኛ በእሷ በራሷ ጣት ስትሄድ ማየት እንግዳ ነገር ነበር፤ በረዶው ላይ ዱካ ትታ ትሄዳለች።

«ተኩላ! ሚዙሆ፣ ተኩላ መጣ!»

«እንዳትዋጊ፣ ትሞቺያለሽ። ‹ሽሽት› የሚለውን ፈልጊ።»

«የታለ? ፊደሉ ትንሽ ነው…»

«አንብቢው፣ ቀስ ብለሽ።»

«ሽ-ሽት። ነካሁት። ኧረ ነከሰኝ!»

«እንደገና!»

ሁለተኛው ላይ አመለጠች። ከስልኩ ወዲያ የሚዙሆ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው «ወይ ሆዴ፣ አታስቂኝ» አለች። ድልድዩ መጣ። ከማዶ ቢጫ መብራት የሚታይባት አንዲት መስኮት ነበረች።

«ደረስኩ! መስኮት አለው!»

«ግቢ። ሰውየውን አናግሪው፣ ተኚ። ‹ጉዞሽን ጽፌዋለሁ› ሲልሽ ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ጫን አድርገሽ ሳትለቂው ማሽኑን አጥፊ።»

«ካጠፋሁት ይጠፋላ!»

«አይጠፋም። ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ።»

«ባትሪ ካለው እኔ ለምን ስንቀጠቀጥ ሰነበትኩ?»

«ሳይተኙ አይጽፍማ፣ እማ! መጣሁ… ነርሷ እየጠራችኝ ነው። ሪሴቱን እንዳትለቂ፣ የጻፈው ይበላሻል!»

ስልኩ ተዘጋ። ቺዙሩ መንገደኛዋን አስገብታ አስተኛቻት። የማደሪያው ሰውዬ ሊተኙ የመጡትን ሁሉ እንደሚያውቅ ሰው ቃሉን በልጆች ፊደል ተናገረ፤ ቺዙሩም አነበበችው። አውራ ጣቷ ሪሴቱ ላይ፣ ሌላው እጇ ማጥፊያው ላይ ቆመ። ስትጠብቀው የሰነበተችውን በገዛ እጇ ልታጠፋ ነው። የሚተርፈው ስታጠፋው ነው መባሉን ማመን አቃታት። ደግሞ ልጇንም ከቀትር በኋላ በመርፌ ያስተኟታል፤ ያንን ለማሰብ አልፈለገችም።

ዓይኗን ጨፍና አጠፋችው።

ስትገልጠው በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሷን ፊት አየች። አብርታ ልታረጋግጥ እጇን ስትዘረጋ የማቀዝቀዣው ድምፅ ቀጥ አለ። የሕንፃው መብራት ተቋርጧል። ከሳምንት በኋላ ካሴቱ ሲከፈት ያ ማደሪያና የሚዙሆ ስም እንዳሉ ይገኛሉ፤ ያን ጠዋት ግን ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም። ካፖርቷን እንደለበሰች ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

ሚዙሆን ባለጎማ አልጋ ላይ አስተኝተው ሊወስዷት ሲሉ ደረሰች።

«ያዘ?»

«አላየሁም። መብራት ሄደ።»

ሚዙሆ የእናቷን እጅጌ ያዘች። ከንፈሯ ደርቋል። «እማ፣ ፈርቻለሁ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ማደሪያው ውስጡ ምን ይመስላል? እኔ አልገባሁበትም እኮ።»

ቺዙሩ ከአልጋው ጎን እየሄደች ነገረቻት። እሳቱ በግራ በኩል ነው። ወለሉ እንጨት ነው። አልጋው በመስኮቱ ሥር ነው፤ ተኝተሽም በረዶው ይታይሻል። ሰውየው ጢም አለው፣ የመጣሽበትን አይጠይቅሽም። ሻርፕሽን እሳቱ አጠገብ ይሰቅልልሻል፤ ይህንን እንኳ ጨመረችበት።

«ድመቷስ?» አለች ሚዙሆ፣ ዓይኗ እየከበደ። «ሳዮኮ ድመት አለች ብላለች።»

ቺዙሩ ድመት አላየችም። «አለች» አለች።

የኦፕራሲዮኑ ክፍል በር ተዘጋ። ቺዙሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በውስጧ ትረካውን አላቋረጠችም፤ ለማደሪያው ጓዳ ሠራችለት፣ ምድጃው ላይ ሾርባ ጣደች፣ ደጁን ጠረገች፣ በረዶው መልሶ ሲሸፍነው እንደገና ጠረገችው። ነርሷ ትከሻዋን ስትነካት አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖባት ነበር።

«በደንብ አልቋል። እየነቃች ነው፣ ይግቡ።»

ሚዙሆ ዓይኗን ሙሉ በሙሉ አልገለጠችም። ምላሷ ተሳስሯል።

«ምን… ዓይነት ናት?»

«ማን፣ ልጄ?»

«ድመቷ።»

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ ከግንባሯ ላይ ፀጉሯን መለሰችላት።

«ነጭ ናት» አለች። «በረዶው ላይ ስትሄድ አትታይም።»