የአዝማቹ ስም

ይትባረክ እጁን አነሣና ሙዚቃውን አቆመ። የጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አውርዶ፣ በመስታወቱ ማዶ አንድ ማይክ ከበው የቆሙትን ሦስት ሰዎች በየተራ አያቸው።

"አንድ ሰው አልተቀበለኝም" አለ። "የምጠብቀው ሦስት ድምፅ ነው፤ የምሰማው ሁለት።"

ሙሽራዋ ሔራን ወደ እናቷ ወደ የሺመቤት ዞረች። አጎቷ አቶ ፍቅረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሺመቤት ግጥሙ የተጻፈበትን ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጉሮሮዬ ደርቆብኝ ነው።"

"ምንም አይደል እናቴ። ሙሽሪት፣ እዚያ ጥግ ውሃ አለ፣ ስጪያቸው እስቲ።"

የሺመቤት ቤቷ ገብታ ሳታርፍ ነበር የመጣችው። ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ከቆጋ መስኖ የመጡ የአፈር ናሙናዎች ስትመዝን ቆይታ፣ በምሳ ሰዓት ከአዳራሹ ሰዎች ጋር በስልክ ተከራክራ፣ ከዚያ ከአቶ ፍቅረ ማርያም ሚስት ከእናትዓለም ጋር የሽንኩርት ጆንያ ከባጃጅ አስወርዳ ነው። ሰርጉ እሑድ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ። እግሯ አብጦ የጫማዋ ማሰሪያ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። ስቱዲዮው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ከፔዳ አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ስለተሸፈነ የሚያዝያ ሙቀት ገብቶ መውጫ አጥቷል።

ዘፈኑ የአቶ ፍቅረ ማርያም ስጦታ ነው። ይትባረክ ዜማውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቤተ ሰቡ የዘመዱን ስም በዝርዝር ጽፎ ሲሰጠው፣ ስሙን እያስገባ ይዘፍናል። እሑድ ሙሽሮቹ አዳራሽ የሚገቡት በዚህ ዘፈን ነው። አዝማቹን የሚቀበሉለት ሁለት ተማሪዎች ፈተና ላይ ስለሆኑ፣ "እናንተው ተቀበሉኝ፣ እንዲያውም የራስ ሰው ድምፅ ሙቀት አለው" ብሎ ሦስቱንም ማይክ ፊት አቁሟቸዋል።

"እንደገና" አለ። ኦርጉ ጀመረ።

"ሔራን ሙሽራዬ፣ የፍቅረ ማርያም ልጅ፣
ጣና ዳር አድጋ ወጣች ከአባት ደጅ።"

ሔራን ተቀበለች። አቶ ፍቅረ ማርያም በወፍራም ድምፃቸው ትንሽ ዘግይተው ተቀበሉ። የሺመቤት "ሔራን ሙሽራዬ" እስከሚለው ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው አፏ ውስጥ ቀረ።

ሙዚቃው ቆመ።

"እኔ ጣና ዳር የሚለው ነው ያልገባኝ" አለች ሔራን ፈጠን ብላ፣ ሰው እናቷን ከማየቱ በፊት። "ያደግኩት መራዊ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ጣናን ያየሁት ሁለቴ ነው። አንዱ በቴሌቪዥን።"

ይትባረክ ሳቀ። "ሙሽሪት፣ 'መራዊ' ብዬ ብዘፍን ማን እጁን ያነሣልኛል?"

"የመራዊ ሰው!"

"የመራዊ ሰው ስንት ጠራችሁ?"

"ጣና ቢባል ምን ነውር አለው?" አሉ አቶ ፍቅረ ማርያም። "እኛ የቁንዝላ ሰዎች ነን። ዘሯ ከጣና ዳር ነው።"

"ያው! አባቷ ፈረዱ" አለ ይትባረክ።

ማንም አላረመውም። ይትባረክ ወረቀቱን ገለጠ። "እናቴ፣ እስቲ የእርስዎን ስንኝ ልዝፈንልዎት። ደስ ሲልዎት ጉሮሮዎ ይከፈታል።"

"የእናቷ ዓይን ከቶ እንባ አያውቅ፣
ቤቷ ሲነጋ ሲመሽ የሚስቅ።"

ሔራን የጫማዋን ጫፍ ማየት ጀመረች። አቶ ፍቅረ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አጠለቁት። ይትባረክ ከመስታወቱ ማዶ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቀ አየ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም" አለች የሺመቤት። "እሱ ይሁን። የእናት ነገር እንዲያ ነው የሚባለው።"

ከልቧ ነበር። ያን ስንኝ መሸከም አያቅታትም። ሰው ስለ እሷ የተሳሳተ ነገር ቢያስብ፣ ትክክለኛውን ከሚያስብ ይልቅ ይቀላታል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ዓመት ሲሞላ ጥቁሩን አውልቃ፣ ሰኞ ሥራ ገብታ፣ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲላት "ደኅና" እያለች እዚህ ደርሳለች።

ይትባረክ "እንግዲህ ከላይ" ብሎ እጁን ሲያነሣ መብራት ጠፋ። የኦርጉ ድምፅ ተቆረጠ፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ እየተጎተተ ቆመ። "አሥር ደቂቃ ነው፣ ይመጣል" አለ በጨለማው ውስጥ። "ወጣ ብላችሁ ንፋስ ተቀበሉ።"

ከውጭ በኩል ያለው ደረጃ ላይ ቆሙ። ከታች ተማሪዎች መብራት እስኪመጣ ወረቀታቸውን እንደ ማራገቢያ እያርገበገቡ የፎቶ ኮፒ ቤቱን በር ከበዋል። አቶ ፍቅረ ማርያም የደረጃውን ብረት ተደግፈው ወደ የሺመቤት ዞሩ።

"የሺ" አሉ። "ስሜ ነው አይደል ያነቀሽ?"

የሺመቤት አየቻቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ወንድማቸው፣ የእሷ ባል፣ ኩላሊቱ ሲታመም አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ድረስ ወስደው፣ አራት ወር ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው የተኙ ሰው ናቸው። ሔራንን ኮሌጅ ያስገቡ እሳቸው ናቸው። የመጥሪያው ካርድ ላይ ስማቸው ከእሷ ስም ጎን ሲታተም ምንም አላለችም። ካርድ በዓይን የሚታለፍ ነገር ነው። ይህኛውን ግን በገዛ አፏ ልትለው ነው።

"ስምዎ አላነቀኝም ጋሼ። የገባበት ቦታ ነው እንጂ።"

"ሽማግሌ ሲመጣ የተቀበልሁ እኔ። እሑድ እጇን ይዤ የምሰጥ እኔ። ታዲያ ማን ይባልልሽ?"

"አልካድሁም እኮ። ሁሉንም አድርገዋል።"

"የሙት ስም በሰርግ አይነሣም። ያን የአክስታችንን ልጅ ሰርግ ረሳሽው? ያ አዝማሪ የወንድሜን ስም አንሥቶ 'ነፍሱን ይማረውና ክንዱ ቢኖር' ብሎ ሲጀምር፣ እማማ 'ልጄን' ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሙሾ አላወረደችም? ሰው ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ቀረ። ሙሽሪት ኩሏ ፊቷ ላይ ወረደ። አሁን እማማ እቤቴ ተቀምጣ እሑድን ትጠብቃለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው የሺ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔስ?" አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የታናሼ ስም በኦርግ ሲጠራ እኔ ደኅና ሆኜ እጨፍራለሁ ብለሽ ነው?"

ይህን ከእሳቸው ሰምታ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጋሼን አትውቀሺያቸው" አለች ሔራን። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከታች ያሉትን ተማሪዎች ነበር የምታየው። "ዝርዝሩን ስንጽፍ 'አባት' የሚለው ቦታ ላይ እርስዎ ይግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"አዎ። አንቺ ስሙን አትጠሪማ እማዬ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠርተሽ ሰምቼ አላውቅም። 'አባትሽ' እንኳ አትይም። 'ያኔ' ነው የምትይው። 'ያኔ መራዊ እያለን፣ ያኔ ቆጋ ሲሠራ።' እና… እንዳይነሣብሽ የምትፈልጊ መሰለኝ። በሰርጌ ቀን ላሳዝንሽ?"

የሺመቤት ከልጇ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ቆማ ቀረች።

ባሏ ክንዱ ቆጋ ላይ የመስኖ መሐንዲስ ነበር። በሥራው ሰሞን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ የቦዮቹን በር ያስከፍታል፤ ሲመለስ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማው በር ላይ ይቀራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሔራንን ሞተሩ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ በቦዩ ዳር ይወስዳታል። ድንች የሚኮተኩቱት ገበሬዎች ቀና ብለው "የመሐንዲሱ ልጅ!" እያሉ ይጠሯታል፤ ልጅቱ ለእያንዳንዳቸው እጇን ታወዛውዛለች። ይህን ሁሉ የሺመቤት ለማንም ሳታወራ ነው የያዘችው። ሰው አንሥቶ በጣለው ቁጥር እንዳያልቅ ብላ። እሷ የደበቀችው ከልጇም እንደተደበቀ ግን አላሰበችም ነበር።

ከላይ ማራገቢያው መዞር ሲጀምር ተሰማ።

"መጣ!" ብሎ ተጣራ ይትባረክ። "ሳይሄድብን ቶሎ ግቡ!"

ገቡ። የሺመቤት ማይኩን አልፋ ኦርጉ አጠገብ ሄደች።

"ይትባረክ፣ ሙሉ ስምህ ማን ነው?"

"የእኔ? ይትባረክ ሙላት።"

"እሷም ሙሉ ስም አላት። እሱን አስገባልኝ። ሔራን ክንዱ።" ስሙ ካሰበችው በላይ በቀላሉ ወጣ። ድምፅዋ ብቻ የሌላ ሰው መሰላት። "ሌላ ምንም አትጨምርበት። 'ነፍሱን ይማር' አትበል፤ 'ቢኖር ኖሮ' አትበል። ስሟን ብቻ።"

ይትባረክ ዝርዝሩን አየ፤ ቀጥሎ አቶ ፍቅረ ማርያምን አየ። ያልገባው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ።

"ይቅርታ" አለ። "እኔ እኮ እሳቸው…"

"አንተ ምን አጠፋህ! የተሰጠህን ነው የዘፈንህ። ለጋሼ ደግሞ የራሳቸውን ስንኝ ሥራላቸው። አጎት በላቸው። አባት የሆነ አጎት በል፤ እሱ እውነት ነው።"

አቶ ፍቅረ ማርያም መሬት መሬቱን እያዩ ነበር።

ይትባረክ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ እያንሸራተተ ለራሱ አጉረመረመ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ሞከረ።

"ሙሽሪት ሔራን፣ ሔራን ክንዱ፣
አበባ ይነስነስ በመንገዱ።"

"ኧረ ገጠመ!" አለ። "ጣናም ቀረ፣ መራዊም ቀረ፣ ተገላገልን።"

ሔራን እየሳቀች ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"አሁን አንድ ነገር ወስኑልኝ" አለ ይትባረክ። "መግቢያው ላይ ላድርገው ወይስ አዝማቹ ላይ? መግቢያ ከሆነ እኔ ብቻዬን አንዴ እለዋለሁ፣ ያልፋል። አዝማች ከሆነ ግን እናንተም ትሉታላችሁ፣ በእያንዳንዱ ዙር ይመለሳል። አዳራሹም ይቀበላል። ስንት ሰው ነው የጠራችሁት?"

"አራት መቶ" አለች ሔራን።

"መግቢያው ይበቃል" አሉ አቶ ፍቅረ ማርያም። ልመና ነበር። "አንዴ ከሆነ እማማ ላትሰማው ትችላለች። ጆሮዋም ደክሟል። አራት መቶ ሰው ሲጮኸው ግን…"

ልክ ናቸው። የሺመቤት አዳራሹን አሰበችው። ከላይ ሙሽሮቹ፣ በሁለቱ ጎን የሁለቱ ቤተ ሰብ ወላጆች ወንበር። ለዚያ ወንበር ብላ ያሰፋችው ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፏል። ከታች በበሩ በኩል የቁንዝላ ሰዎች፤ ከእነሱም መካከል ሰማንያ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሴት፣ ማንም ሳይነግራቸው ድንገት የልጃቸውን ስም ከአራት መቶ አፍ ሲሰሙ።

"አዝማቹ ላይ ይሁን" አለች።

"የሺ! ታለቅሳለች እያልሁሽ!"

"ያልቅሱ። ዛሬ ማታ መጥቼ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እሑድም አጠገባቸው እኔ እቀመጣለሁ።"

"የት ነው የምትቀመጪው? አንቺ ከላይ ነሽ እንጂ! የእናት ወንበር እኮ ነው።"

"እማዬ…" አለች ሔራን።

"ከእርስዎ ጎን እናትዓለም ትቀመጥ" አለች የሺመቤት አቶ ፍቅረ ማርያምን። "ሽንኩርቱን የምትልጠው እሷ ናት፣ ይገባታል። እኔ ከታች ነኝ። አንድ ወንበር ከእማማ ጎን እንዲጨምሩ ነገ ለአዳራሹ ሰዎች እደውላለሁ።"