ገናን በሙሉ ድምፅ ስንተው

ጌቱን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ካድሬ ያደረገው ሌላ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሁሉም ተነሥቶ በእኔ እንዳያላክክ ነው።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው እሁድ፣ መካኒሳ ባለው የቀበሌያችን አዳራሽ ልጄ መድረክ ላይ ወጥቶ የሦስት ወር ዕቅድ አነበበልን። ቦይ ጠረጋውን አነበበ፣ መሠረተ ትምህርቱን አነበበ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ታኅሣሥ 29 ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠቅላላ የነዋሪዎች ስብሰባ ይደረጋል። የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ካርዱን ያስረክባል" አለ። ያለዚያ ካርድ ስኳር የለም፣ ዘይት የለም።

ገና ነው ብለን ተያየን። ዓምናም እንዲሁ አድርጎናልና። ሰዓት እላፊ ስላለ የገናን ማኅሌት ካህናቱ ለብቻቸው ቆመው ያድራሉ፤ ምእመኑ የሚደርሰው ጧት፣ ለቅዳሴው ነው። ዓምና በዚያ ጧት ጌቱ እኛን አዳራሽ ከቶ ስለ ምርት ዕድገት ሲያወራ፣ ቄስ ውዳሴ እስከ አዳራሹ መራመድ ላቃታቸው ሦስት አሮጊቶች ቀደሱ። ቀድሰው ሲወጡ ደጁ ባዶ ነበር። እኚያ ሰው በሠላሳ ዓመት ክህነታቸው እንደዚያ ቀን አላለቀሱም ይባላል። እኔ በልጄ ያፈርኩትን ማፈር ደግሞ ለጠላቴ አልመኘውም።

እንግዲህ ቄስ ውዳሴ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። ሽማግሌው ዛሬ ራሳቸውን ሊያስበሉ ነው አልን። እሳቸው ግን፣ "ዕቅዱን እደግፋለሁ" አሉና አጨበጨቡ። ጌቱ ራሱ ደነገጠ። እኔማ አባ ጃጁ አልኩ።

ከአዳራሹ ወጥተን መንገድ ስንጀምር ቆም አሉና ዝግ ባለ ድምፅ ነገሩን። "ዓምና ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆና ነበር። ዘንድሮ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ልደት የሚውለው በታኅሣሥ 28 ነው፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ነው። ጓድ ጌቱ የያዘው እሁድን ነው። እሁድን እንደሆነ ከወሰደብን ቆየ፤ ይውሰደው።"

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር አጠገባችን ቆሞ ሰምቷል፤ ጫማውን እያየ ሄደ። ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "በተለይ አንቺ ወርቄ" ያለኝ የለም። ማለትም አላስፈለጋቸውም።

አሁን የቤቴን ጉድ ልናገር። ካድሬው ልጄ ጾመኛ ነው። አባቱ የሞተ ዓመት፣ በስድስት ዓመቱ፣ የገና ዕለት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከእኔ አስቀድሜ በአፉ አደረግሁለት። ከዚያ ወዲህ እኔ ያለ እሱ፣ እሱም ያለ እኔ የገናን ጾም ፈትተን አናውቅም። ለዘመቻ ጅማ በሄደ ጊዜ እንኳ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ መጥቷል። ካድሬ ከሆነ በኋላ ክበብ ገብቶ "ጥብስ!" ብሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ይጮኻል። ጥብሱ ሲመጣ ለዘበኛው ለማሞ ያሻግርለታል። የማሞ ሃይማኖት ሆዱ ስለሆነ ጾም በገባ ቁጥር ይወፍራል። ጌቱ ቤት መጥቶ ሽሮውን ይበላና፣ "ላንቺ ስል ነው እማዬ" ይለኛል። ለማን ብሎ እንደሆነ አልመረምርም።

ስለዚህ ብነግረው ስብሰባውን ወደ ቅዳሜ ያዛውረዋል፤ አባም ዳግመኛ ለሦስት አሮጊት ይቀድሳሉ። ባልነግረው ልጄ የጌታን ልደት እየጾመ ይውላል፤ እኔም ያቺን ጉርሻ የማጎርሰው አጣለሁ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሰፈሩ ግን ፈነጠዘ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በኖራ ተቀባ። ጌቱ አይቶ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲል "ለስብሰባው ነው፣ ጓድ" አሉት። ጎረቤቴ ገዲሴ ለሰፈሩ ሁሉ ነጠላ ስትቋጭ አገኛት፤ ለስብሰባው ነው። ጎረቤታችን አቶ ነገሪ ከላፍቶ በኩል ለቅርጫ የሚሆን ድልብ በሬ እየነዱ ሲመጡ መንገድ ላይ ተገናኙ። "ስብሰባ ረጅም ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል" አሉት። ልጄ ደስ ብሎት ሰፊው ሕዝብ ስብሰባውን በጉጉት እየጠበቀ መሆኑን ለበላይ ጻፈ። የጻፈውን ለእኔም አነበበልኝ። "ጎሽ" አልኩት፤ ምን ልበል?

ታኅሣሥ 19 ብስራተ ገብርኤል ሄጄ ለመልአኩ አመለከትኩ። እኔን ከእንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ያስገባኸኝ አንተ ባትሆንም አውጣኝ አልኩት።

ረቡዕ በ25፣ ጌቱ ደብረ ዘይት ለካድሬዎች ሴሚናር ተጠራ፤ የሚመለሰው እሁድ ጧት በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው። ቦርሳውን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ አላስቻለኝም።

"ጌቱዬ፣ ቅዳሜ..."

"ቅዳሜ ምን?"

የአባ ፊት መጣብኝ። "ቅዳሜ ካልሲህን ቀይር" አልኩት።

"እማዬ ደግሞ!" ብሎ ሳቀና ሄደ።

ቅዳሜ ገና ሆነ። እንዲህ ያለ ገና አይቼ አላውቅም። አጥሩ ሥር ሳይቀር ነጭ በነጭ ሆኖ፣ እልልታው ማባሪያ አጣ። ቄስ ውዳሴ መስቀላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ብቅ ሲሉ ያን ሁሉ ሰው አዩና መስቀሉን ከፍ አድርገው ባረኩን። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ግን የዶሮውን ወጥ ድስት ከፍቼ አየሁት፣ መልሼ ከደንኩት። ጎረቤት ሁሉ ሲበላ ሽሮዬን ቀማመስኩ።

አባ ቤት ለቤት ሲባርኩ ደርሰው ሰሐኔን አዩ። "በልደት ቀን ሐዘንተኛ እንኳ አይጾምም፣ ወርቄ። ኃጢአት ነው።"

"ቄስ ነዎትና ሕጉን ያውቃሉ፤ እናት ግን አይደሉም" አልኳቸው። ባርከውኝ ወጡ።

እሁድ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አዳራሹ ጢም አለ። ጌቱ ከመኪና እንደ ወረደ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ጉንጩ ሰርጉዶ መድረክ ላይ ወጣ። ከፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ በጥጋብ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ልጄ ይህን ሁሉ ጽሞና መሰለው።

"ጓዶች! ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን የት ናችሁ? እዚህ! ይህን ለታሪክ እንመዝግበው። ገናን ትተን በስብሰባው የተገኘነው በራሳችን ፈቃድ ነው የምትሉ እጅ አውጡ!"

እጅ እንደ ማሽላ ማሳ ቆመ። አባ ሁለቱንም አወጡ። እኔ አላወጣሁም። ሌላው ገናን ትናንት አክብሮ የመጣ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ገናው ያልደረሰልን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በሌላ ነገር ይዋሽ፣ በዚህ መዋሸት አልሆነልኝም።

ጌቱ እጅ ሲቆጥር እኔ ላይ ደርሶ ቆመ። "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አዘጋጅቶ ነበር። "ጓድ... ጓድ ወርቄ። ምክንያትሽ?"

ተነሣሁ። "እኔ ጾሜን አልፈታሁም" አልኩ።

ገዲሴ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"ታዲያ ማን ፈታ?" አለ ልጄ ግራ ገብቶት።

ያኔ ከፊት ወንበር አቶ ነገሪ አገሱ። ሊይዙት ታግለዋል፤ እግዜር ይመስክርላቸው። ግን የበሬ ሥጋ ነው፣ ወጣ። ከኋላም ሊቀመንበሩ አገሳ። ጌቱ ቀስ ብሎ ሰውን ሁሉ ተራ በተራ አየ፤ የወዛውን ከንፈር፣ የገዲሴን አዲስ ነጠላ፣ የአባን ሁለት እጅ። መጨረሻ እኔን አየኝ። ወታደር ቢጠራ ማን ማን እንደሚታሰር ሁላችንም በልባችን ቆጠርን። እኔ ከሁሉ በፊት አባን ቆጠርኩ፤ ገዳያቸው ልጄ እንዳይሆን ጸለይኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈና አነበበ፦ "በሙሉ ድምፅ። አንዲት እናት በጤና ምክንያት እጃቸውን ማንሣት አልቻሉም።" ስብሰባው በሩብ ሰዓት አለቀ።

ቤት እንደ ደረስን ድስቱን አሙቄ አቀረብኩ። ሁለታችንም ከሰፈሩ አንድ ቀን አትርፈን ጾመናል።

"ቅዳሜ ደብረ ዘይት" አለ ጌቱ፣ "ሥጋ ቀረበ። እስከ ዓርብ ድረስ ካድሬው ሁሉ 'ጨጓራዬ' እያለ ሲመልስ የነበረው፣ ቅዳሜ የሁሉም ጨጓራ ባንድ ጊዜ ዳነ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እነሱም አልነገሩኝም።"

"ማን ይነግርሃል፣ ልጄ" አልኩት።

"አንቺስ?"

ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ስጠብቀው ነበር። እንባዬ መጣ። ጉርሻዋን ጠቅልዬ ዘረጋሁለት። እንደ ስድስት ዓመት ልጅ አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ። ዓይኑም እርጥብ ነበር፤ እኔ በበርበሬው አላሳበብኩለትም። ልጄን አገኘሁት አልኩ።

አኘከ፣ ዋጠና፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ "እማዬ" አለኝ፤ "ለከርሞስ ገና በስንት ነው የሚውለው?"

ፊቱን አየሁት። የሚጠይቀኝ ልጄ ይሁን ካድሬው መለየት አቃተኝ።

ሁለተኛዋን ጉርሻ ከመጀመሪያዋ አተልቄ ጠቀለልኩና አጎረስኩት።