ሁለት የማይባልበት ቤት

ኳ! ኳ! ኳ!

ዘአማኑኤል ወጥ ሠሪዋን ያለምወርቅን መልኳን ከማየቱ በፊት ያወቃት በዚህ ድምፅ ነው። ወጥ ቤቱን ከአዳራሹ በሚለየው መስኮት ላይ ጥቀርሻ የጠገበ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከመጋረጃው ወዲያ ቡታጋዙ ይጮኻል፣ ሥጋው መጥበሻ ላይ ይንጫጫል፣ የጭስ ማውጫው ማራገቢያ ዳገት እንደከበደው ሲኖትራክ ያጓራል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ጭልፋ የመስኮቱን ደፍ ሦስቴ ይመታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ አልሰማሁም፣ ድገም!

ሥራ በጀመረ ዕለት "አንድ ሽሮ" ሲል ለመጋረጃው ምስጢር የሚያካፍል ይመስል ነበር።

ኳ! ኳ! ኳ!

"አንድ ሽሮ… እባክሽ።"

ኳ! ኳ! ኳ!

ያኔ ከበስተኋላው፣ የቤቱ ነባር አስተናጋጅ ጋሽ አሻግሬ ጠረጴዛ እየወለወለ፣ አንገቱን እንኳን ሳያዞር፣ "ሽሮ አንድ! ፈሰስ ይበል!" አለ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጭልፋው ጸጥ አለ።

የእትዬ አሰፋች ምግብ ቤት አቃቂ በሰቃ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከብረታ ብረቱ ፋብሪካ፣ አዲስ ገብተው ገና ዕቃቸውን ካላራገፉት የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ሳይቀር በሚመጣ ሰው ይሞላል። ትዕዛዝ በወረቀት ማስገባት አንድ ሰሞን ተሞክሮ ነበር አሉ። አንዱ ወረቀት ቀይ ወጥ ውስጥ ተቀቅሎ ተገኘና ነገሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በጩኸት ነው። በጩኸት ደግሞ ጋሽ አሻግሬን የሚስተካከል አልነበረም። ከታክሲ የወረደ ሰው መንገዱን ሳይሻገር ዛሬ ምን ምን እየተበላ እንደሆነ ከእሱ አፍ ይሰማና ምራቁን እየዋጠ ይገባል።

"ስማኝማ የእኔ ልጅ፣" አለው በዚያው በመጀመሪያው ቀን። "እዚህ ቤት ሁለት የሚባል ቁጥር የለም።"

"እንዴት ማለት?"

"የለም ማለት የለም። የእኛ ቆጠራ አንድ፣ ጥንድ፣ ሦስት ነው።"

ዘአማኑኤል የሚቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። ጋሽ አሻግሬ ግን ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተረከለት። አንድ ዓርብ ቀን ሁለት መሪጌቶች ይመጣሉ። ይቀመጣሉ። ጋሽ አሻግሬም በዚያ ድምፁ "በያይነቱ ሁለት!" ይላል። ያለምወርቅ ደግሞ፣ ቡታጋዙ ጆሮዋ ስር እየጮኸ፣ "በያይነቱ፣ ዱለት!" ብላ ትሰማለች። ፍስክ የሚበላ መንገደኛ ስለማይጠፋ ዱለቱ ዓርብም አለ። ጎመኑና ድንቹ፣ ምስሩና ሽሮው በዙሪያው ተደርድሮ፣ መሀሉ ላይ በቅቤ የራሰ ዱለት ጉብ ብሎ ይወጣል።

"ታዲያ መሪጌቶቹ ምን አሉ?"

"አንደኛው አማትበው ወዲያው ተነሡ።"

"ሌላኛውስ?"

"ሌላኛው ትንሽ ቆይተው ነው የተነሡት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አሰፋች ቃሉን ከቤታቸው አገዱት። ልማዱም ከወጥ ቤት አልፎ ሰው ላይ ተጋባ። ያለምወርቅ ስንት ልጆች እንዳሏት ስትጠየቅ "ጥንድ" ትላለች። እትዬ አሰፋች ራሳቸው ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው፣ ሽንኩርት የሚያመጣላቸውን ሰው በስልክ "ከጥንድ ሰዓት በፊት እንድትደርስልኝ!" ሲሉ ይሰማሉ። ያለምወርቅማ ከመልመዷ የተነሣ፣ በዚያ መስኮት በኩል "ለት" ብሎ የሚያልቅ ነገር ከመጣ ዱለት እንጂ ሌላ ሊሆን እንደማይችል ጆሮዋ አምኗል።

ዘአማኑኤል ጥንድ ማለቱን በአንድ ቀን ለመደው። ድምፅ ግን ከየት ይምጣ? አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባው ከቀረ ወዲህ ዓመቱን ያሳለፈው ክፍሉ ውስጥ ነበር። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በመስኮቱ ደመናውን ያያል፤ ደመናው ላይ ተሳፍሮ ሰው የማያውቀው አገር ደርሶ ይመለሳል፤ እራት ሲደርስ ከእናቱ ጋር ጥቂት ቃል ይለዋወጣል። እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ከፋብሪካ ደክሟት ስትገባ፣ "ኧረ ከሰው ተቀላቀል፣ ልጄ! ግድግዳውን መሰልክ እኮ!" ትለው ነበር። እንዲህ ሰው ላይ መጮህ ይቅርና ሰው ሲጠራውም ደንግጦ ነው የሚነሣው።

ነገር ግን በዚህ ቤት ያልጠበቀው ነገር አጋጠመው። የምሳው ወከባ ሲበርድ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ትሪ ከቦ ይቀመጣል። ያለምወርቅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከመጋረጃዋ ትወጣለች፣ ጋሽ አሻግሬ የየጠረጴዛውን ወሬ ይዞ ይመጣል፣ እትዬ አሰፋችም ባንኮኒያቸውን ቆልፈው ይጠጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ያለምወርቅ ዘአማኑኤልን አየችውና፣ "ምስጢረኛው አንተ ነህ? እኔ እኮ መስኮቴ ላይ ንፋስ የሚያልፍ ነው የመሰለኝ!" ስትል ሁሉም ሳቀበት። እሱም ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ያንን ፌዝ ደጋግሞ አስታወሰው። ሲቀልዱበት እንዲህ ደስ እንደሚል አያውቅም ነበር። ከዚያ ትሪ ዙሪያ መነሣት አልፈለገም። ከልቡ አልፈለገም።

ረቡዕ ዕለት ግን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ፍርፍር አዝዞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣለት ሲል፣ ተነሥቶ መጋረጃውን ገልጦ ገባና የራሱን ሳህን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። "አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ አረፍ በል" ብሎት አለፈ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ አሰፋች ግን አልሳቁም። ዘአማኑኤልን ወደ ባንኮኒው ጠሩት።

"ልጄ፣ ጠባይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ንጹሕ ነህ፣ ትሑት ነህ። ግን እዚህ ቤት ያልተሰማ አስተናጋጅ እንዳልመጣ ነው የሚቆጠረው።"

"እሞክራለሁ፣ እትዬ።"

"ምን አልከኝ?"

"እሞክራለሁ!"

"እህ፣ እኔ እንኳን አጠገብህ ሆኜ… በል እስከ ቅዳሜ ምሳ ልይህ። ቅዳሜ ያለምወርቅ ካልሰማችህ ግን እንዳትቀየመኝ።"

ጋሽ አሻግሬ ሰማና በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እጁን ይዞ አስፋልቱ ዳር አወጣው።

"በል ያንን ሲኖትራክ ጥራው።"

"ምን ብዬ?"

"ጥብስ በለው!"

"ጥብስ።"

"አየህ፣ አልዞረም! ድገም!"

"ጥብስ!"

"አሁንም ከጉሮሮህ ነው። የእኔ ጌታ፣ ጉሮሮ ለጨዋታ ነው። ትዕዛዝ ከሆድ ነው የሚወጣው። ሆድህ ውስጥ ያለውን አታሳምረው፣ አትምረጠው፣ ዝም ብለህ ልቀቀው!"

ከዚያ እሱ ራሱ አንድ ጊዜ "ጥብስ!" ቢል፣ ማዶ የቆመ የባጃጅ ሾፌር "እዚህም አንድ!" ብሎ መለሰለት። ሐሙስና ዓርብ እንዲሁ ሲያሠለጥነው ሰነበተ። የአላፊ አግዳሚው መሳቂያ ሆኑ። ጋሽ አሻግሬ ግን አልሰለቸም።

ቅዳሜ ደረሰ። ፋብሪካው በግማሽ ቀን ለቅቆ ቤቱ ጢም ብሏል። በዚያ ግርግር መሀል አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ሾፌሩ ሁንዴ ወረደ። ሁንዴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ዘይት የጠገበ ጃኬቱን ለብሶ ነው። ዛሬ ግን ሸሚዙ ላይ የመደብሩ እጥፋት ገና አልለቀቀም። ከኋላው ዲንቄ ተከተለችው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ቦርሳዋን ሰው የሚቀማት ይመስል በደረቷ አቅፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ለመብላት መምጣታቸውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሁንዴ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። እሷ ጠረጴዛውን አነበበችው።

"ምን ይሁንላችሁ?" አለ ዘአማኑኤል።

"ጥብስ ይሁን፣" አለ ሁንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ። "አይደል? ለእሷም ጥብስ፣ ለእኔም ጥብስ። በአንድ ትሪ።"

"እሺ፣ ጥብስ፣" አለች ዲንቄ፣ የታዘዘላትን መድኃኒት እንደምትውጥ ዓይነት።

ዘአማኑኤል ወደ መስኮቱ እየሄደ አሳቡ እነሱ ጋር ቀረ። ዞሮ አያቸው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እነሱ ብቻ ዝም ብለዋል። ሁለት ሰው፣ አንድ ትሪ።

"ጥብስ ጥንድ።"

ኳ! ኳ! ኳ!

"ጥብስ ጥንድ!"

ኳ! ኳ! ኳ!

እትዬ አሰፋች ከባንኮኒው ቀና አሉ። ጋሽ አሻግሬ አምስት ሳህን እንደያዘ ቆመ፤ በአገጩ ወደ ሆዱ ጠቆመው። ዘአማኑኤል ዓይኑን ጨፈነ። አላሳመረውም፣ አልመረጠውም፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ለቀቀው። ሆዱ ውስጥ የነበረው ደግሞ እዚህ ቤት የተማረው ቃል ሳይሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቆጠረበት ቃል ነበር።

"ጥብስ ሁለት!"

ቤቱ ሁሉ ዞረ። የጎረሰው አላኘከም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለምወርቅ በደስታ፣ "መጣ!" ብላ መለሰች። ጭልፋው አልተሰማም። ዘአማኑኤል አንድ አፍታ ሰማይ የረገጠ መሰለው። ወዲያው ግን የጋሽ አሻግሬን ፊት አየና ያለውን አወቀ።

"ወይ ጉድ!" አለ ጋሽ አሻግሬ።

ዘአማኑኤል መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። "እታለም! ጥንድ! ጥንድ ማለቴ ነው!" ድምፁ ግን ወደ ጉሮሮው ተመልሶ ነበር። ትሪው በመስኮቱ ወጣ፤ በአንድ በኩል ጥብስ፣ በሌላው በኩል ዱለት፣ ሚጥሚጣው እንደ ጉድ ተነስንሶበት።

"ውሰደዋ፣" አለው ጋሽ አሻግሬ ሳቁን አፍኖ። "የጮህከው አንተ፣ የምታደርሰው አንተ።"

ትሪውን ጠረጴዛቸው ላይ አወረደው። ሁንዴ አየና ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ወንድም፣ ዱለት እኮ አላዘዝንም! ኧረ ማሎ፣ እባክህ! አንሣልን፣ እንዴት እሷ ፊት—"

"ይቅርታ፣ የእኔ ስህተት ነው፣ አሁኑኑ…" ብሎ ዘአማኑኤል ትሪውን ሊያነሣ ሲል ትሪው አልተነሣም። ዲንቄ በወዲያ በኩል ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች።

"ማን ነው ያላዘዘው?" አለች።

"እንዴ፣ ዱለት ትበያለሽ?"

"ጓደኞቼ ናቸው! ለመጀመሪያ ቀን ዱለት እንዳታዢ፣ ጨጓራ ስታኝኪ ካየሽ ይሸሻል፣ ጥብስ በዪ፣ ያውም በትንሹ፣ አሉኝ።" አንዴ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። "ከመስከረም ጀምሮ አልበላሁም እኮ!"

ሁንዴ የተቀመጠበትን ወንበር እስኪያንቀጠቅጥ ሳቀ። "እኔም ጥብስ ያልኩት ጨዋ ለመምሰል ነው! ዱለት አይደል እንዴ ቁርሴ!" አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። እሷ ስለ ሽመና ክፍሉ አለቃ፣ እሱ ሒሳብ ሳይከፍል በባጃጅ ውስጥ ስለ ተኛበት ሰካራም፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ጥብሱ ብቻውን ቀዘቀዘ።

አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ የብረታ ብረቱ ጣሰው ጮኸ። "እኛስ! ያንን ጥብስ ሁለት የምትሉትን ለእኛም አምጡልን እንጂ!"

"እሺ ጌታዬ፣ እኔ አዝዝላችኋለሁ፣" አለ ጋሽ አሻግሬ።

"አይ ጋሽ አሻግሬ፣ አንተን በየቀኑ እንሰማሃለን። ያ ልጅ ይጩህልን!"

ጋሽ አሻግሬ ሳቀ፤ ጨርቁን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና ዘአማኑኤልን በእጁ ጠራው። ዘአማኑኤል ቆመ፤ ተነፈሰ፤ "ጥብስ ሁለት!" አለ። ቤቱ አጨበጨበ። ከማዶው ጥግ፣ "እዚህም!" አሉ። "እዚህም!" አሁን ደግሞ አንድ አዛውንት እውነተኛ ሁለት ጥብስ ፈልገው፣ "የእኔ ልጅ፣ እንዳትሳሳት፣ የእኔ ባለ ጥንዱ ነው" አሉ፤ "ጥብስ ጥንድ!" ሲል የዘአማኑኤል ድምፅ ጮክ ብሎ ወጣ። የትኛውም አልተምታታም። በመጨረሻ መጋረጃው ተገለጠና ያለምወርቅ ጭልፋዋን እንደ ጦር ይዛ ብቅ አለች።

"ማነው ዛሬ ዱለቴን ያስጨረሰኝ?" አየችው። "አንተ? ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ተቀምጦ ነው?"

ወከባው በረደ። ትሪው ተዘረጋ፤ እንጀራው ተነጠፈ። ዘአማኑኤል ግን እንደሌላው ቀን አልተቀመጠም። እትዬ አሰፋች ባንኮኒያቸውን ቆልፈው እስኪመጡ ቆሞ ጠበቀ። እሳቸውም መጡና ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"ስንት ዓመት ያስከበርኩትን ሕግ በአንድ ምሳ አፈረስክብኝ፣" አሉ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሁለት፣ ሁለት እያለ ሲጮህብኝ ዋለ። ራሴን አሞኛል።" ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። "ምን ይገትርሃል? ተቀመጥ እንጂ! ሰኞም ቀደም ብለህ ና፤ ጠረጴዛዎቹን አንተ ነህ የምታዘጋጀው።"

ያለምወርቅ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘአማኑኤል መቀመጡን እንኳን ሳያውቅ ተቀመጠ። ጋሽ አሻግሬ ራሱ አጠገቡ ነበር። እንጀራ ቆረሰ፣ ከወጡ ዳር ጠቀለለ፣ አጎረሰው፤ ትልቅ ጉርሻ ነበር፣ እንባ አመጣበት። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ አሻግሬም ሳቀ።

ከዚያ ተነሣ። ውኃ ሊያመጣ መስሏቸው ማንም ልብ አላለውም። እጁን ታጠበ። የአስተናጋጅ ነጭ ጃኬቱን አወለቀ፣ አራገፈ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

"ጋሽ አሻግሬ፣ ወዴት ነው?" አለች ያለምወርቅ። "አልበላህም እኮ!"

የዘአማኑኤልን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ የሚሰሙት አንተን ነው" ብሎት በአጠገቡ አለፈ። የሚኖረው ከምግብ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሌላ ቀን በጓሮ በር በእግሩ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን በፊት ለፊቱ በር ወጣ፣ አስፋልቱን ተሻገረ፣ ወያላውን ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ወደ ሳሪስ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ፤ ታክሲው ሄደ።