እስክስታ የሚወርድ ፊደል

"ወንድሜ ሞተ ወይስ ተዳረ?"

ወንዳወቅ የሟች ወንድሙን የዘሩን የተዝካር ጥሪ ኮምፒውተሩ አጠገብ ወረወረው። እታለም ትናንት በመንገደኛ የላከችለት ወረቀት ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ከቡሬ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ፣ የቀሩትን ጥሪዎች ልትወስድ የመጣችበትን የጽሕፈት ቤት በር ገፍቶ ሲገባ ገና ፊቱን አይታ ክፉ ነገር ጠርጥራ ነበር። እሷ እንደሆነ ሁልጊዜም የሚታያት ክፉው ነው፤ ስልክ ከጮኸ ልጆቿን ባጃጅ ገጭቷቸው ነው።

"አያ ወንዳወቅ፣ ሰው አለ እኮ፤" አለች ቀስ ብላ።

"ይስማ! ይህን ፊደል ያላየ አለ? ጁስ ቤቱ በር ላይ አለ። ባጃጁ ቂጥ ላይ አለ። የሠርግ ካርድ ላይ አለ። ዘሩን ጁስ ቤት አደረግሽው! አርባው ሳይወጣ ትከሻሽን እስክስታ አማረው?"

ኮፒ ሊያስነሱ የቆሙ ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ፊደሉ እውነትም የኮምፒውተር አይመስልም። ራሱ ወፍሮ እግሩ የቀጠነ፣ ወደ ጎን ዘመም ያለ፣ ቀለም የጠገበ ብሩሽ በችኮላ ሳብ ያደረገው ይመስላል። ጸሐፊዋ ሃያት ናሙናዎቹን ስታሳያት እታለም ወዲያው የመረጠችው እሱን ነው። ቀጥ ያለውን ደረቅ ፊደል ታውቀዋለች። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ማስጠንቀቂያ፣ ዘሩን ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የላኩበት ወረቀት፣ ሁሉም በእሱ ነው የመጣባት። ባሏን በዚያ ፊደል መጥራት አቃታት። ይህን ለወንዳወቅ እንዴት ትንገረው?

"ሌላ ሰው ይዛለች እየተባለ ነው አገር ቤት፤" አለ። "በደንበኛው ፊደል አስጽፈሽ ካልላክሽ ከዘመድ አንድ ሰው ድንኳንሽን አይረግጥም። የመሬቱንም ነገር ያን ጊዜ እናየዋለን።"

እታለም ባዶው ድንኳን ታያት። የአባታቸው ማሳ ዳር ቆመው የሚባረሩት ልጆቿ ታዩዋት።

"ሃያት፣ ቀይሪው።"

ሃያት ቁልፍ ተጫነች። ዘሩ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ደርቆ ቆመ። የተከሳሽ ስም መሰለ።

"ላትመው፣ እትዬ?"

"ተይ። መልሽው።"

"ምን አልሽ?" አለ ወንዳወቅ።

"ተዝካር የነዳያን ነው፣ አያ። ቢመጡ ክብሬ ነው፤ ቢቀሩ የሚበላው አይጠፋም።" የገዛ ድምጿ አስፈራት።

"መሬቱስ?"

"የልጆቹ ነው። ይክሰሱኝ።"

"እከስሻለሁ! አንቺ ብሎ ሐዘንተኛ!" በሩን በላይዋ ላይ ወርውሮት ወጣ።

እንደሚከሳት አልተጠራጠረችም። ወንበር ሳበች።

"እስክርቢቶ አለሽ?" አለቻት ሃያትን።

ከተቆለሉት ጥሪዎች አንዱን አነሣችና፣ ወንዳወቅ ቢቀር ሚስቱ ትምጣ ብላ፣ ጀርባው ላይ ስሟን ጻፈች፦ "ለወይዘሮ እናኑ።"