ከድንቹ የተረፈ ፎይል

ሚስት ድንቹን ምድጃ ውስጥ ልትከት ፎይሉን ብትፈልግ የለም። መሳቢያውን ከፈተች፣ ቁምሳጥኑን አየች፣ ማቀዝቀዣው ጀርባ ሳይቀር እጇን ሰዳ ዳበሰች። በመጨረሻ ወገቧን ይዛ ሳሎን ብቅ ስትል ባሏ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ የምግብ ጠረጴዛዋን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ጥቅሉን ፎይል ጭኑ ላይ አስተኝቶ በምላጭ ይቆርጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ድንቹ ራቁቱን ምድጃ ይግባ?»

«ይግባ። ያለው ሙቀት እንጂ ብርድ አይደል» አላት ቀና እንኳ ሳይል።

ይህ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውሮፕላን ላሜራ ሲቆርጥ፣ ሲያቃናና ሲለጥፍ የኖረ መካኒክ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከልጅነቱ ጀምሮ «ሚስማር» ይለዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለና አንዴ የያዘውን የማይለቅ ልጅ ስለነበር ነው። ታላቅየው ደግሞ ፓይለት ሆነ። አንዱ ከታች ሆኖ ይጠግናል፣ ሌላው ከላይ ሆኖ ያበርራል። እናታቸው በሕይወት ሳለች «ሁለቱንም ልጆቼን አንድ ቆርቆሮ ወሰደብኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ታላቅየው ካፒቴን አሁን ሰው መለየት ትቷል። መጀመሪያ የቤቱ ቁልፍ ጠፋበት፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የሰው ስም። ሚስማር ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአክብሮት ይጨብጠውና «ደህና ነዎት? ይቀመጡ እንጂ» ይለዋል። ታላቅ ወንድም ታናሹን አንቱ ሲል! ሚስማር በኑሮው ብዙ ነገር ችሏል፤ ይቺን «ነዎት» የምትባል ነገር ግን አልቻላትም። ዕድሜ ልኩን በኩርኩምና በቀልድ ሲያናግረው የኖረ ሰው ዛሬ እንደ ሩቅ እንግዳ ሲያከብረው አንጀቱ እርር ይላል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ» ብሎ ሞክሮ ነበር። ካፒቴኑ ግራ ገብቶት ይቅርታ ጠየቀው፤ ይቅርታው ደግሞ ከሁሉም ባሰ።

ካፒቴኑን የምታስታምመው ልጁ ነርስ ናት። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሯት በወሩ መጨረሻ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው። ከተማው ሩቅ ነው፤ ሚስማርም መንገድ የሚችል ጉልበት የለውም። ስለዚህ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሙ ከመሄዱ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ሚስማር» ብሎ ይጥራው። ሰውን ቢረሳ አውሮፕላኑን አይረሳም ብሎ አሰበ። ካፒቴኑ ረጅም ዘመን ያበረራትን፣ እሱም በእጁ ያልነካው የላሜራ ማያያዣ ሪቬት ያልነበራትን ያቺን ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ የጭነት አውሮፕላን በትንሹ ሠርቶ እጁ ላይ ሊያስቀምጥለት ቆረጠ።

የዚያችን አውሮፕላን ዓይነት ተገጣጣሚ ፕላስቲክ ከመጫወቻ ሱቅ አገኘ። መግጠሙ አላስቸገረውም። ጉድ የፈላው ቀለሙ ላይ ነው። ብርማ ቀለም ነፋባት፤ ስትደርቅ የተቀባ የውኃ ጋን መሰለች። ሌላ ዓይነት ቀባት፤ አሁንም ጋን። «ላሜራ ቀለም የለውም፣ ብርሃን ነው ያለው!» እያለ ሲያጉረመርም ሰነበተ። አንድ ቀን ታዲያ ሚስቱ ከምሳ የተረፈውን በፎይል ስትጠቀልል መስኮቱ በኩል የገባው ፀሐይ ፎይሉ ላይ አረፈ። ሚስማር የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሳ። ይህን ሁሉ ዘመን አሉሚኒየም ሲዳብስ ኖሮ የገዛ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለውን አላየም ነበር።

ፎይል እንዲህ በዋዛ እሺ አይልም። መጀመሪያ ክንፉን በአንድ ቁራጭ ሊያለብሰው ሲል ተጨማዶ የአሮጊት ጉንጭ ሆነ። ስለዚህ እንደ እውነተኛው ላሜራ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መቁረጥ ነበረበት። በፈዛዛው ጎኑ ሙጫ በስሱ ይቀባል፣ ሙጫው ጣት ያዝ እስኪያደርግ ይጠብቃል፣ በወረንጦ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ያሻሸዋል። ከሥር አንዲት ቅንጣት አቧራ ከገባች ብጉር ሆና ትወጣለች፤ ነቅሎ እንደገና ነው። ሚስቱ በዚያ ሰሞን ቤቱን መጥረግ ተከለከለች። እሷም እንዲህ ያለውን ክልከላ በደስታ ነው የተቀበለችው።

ግማሽ ጎኗን እንደጨረሰ ጠርቶ አሳያት። ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ አይምርም።

«ከረሜላ ትመስላለች» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁሉንም በአንድ በኩል ቆርጠኸዋላ! እየው፣ ፎይሉ ላይ ቀጫጭን ጭረት አለ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄደው። እኔ ከፋይ ጨርቅ ስሰፋ አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል ብቆርጠው ሁለት ቀለም ነው የሚመስለው። አንዳንዱን አዙረህ ቁረጠው።»

አዙሮ ቆረጠ። አንዱ ላሜራ ሲያበራ ጎረቤቱ ደብዘዝ አለ፤ አውሮፕላኗን ዘወር ሲያደርጋት ደግሞ ብርሃኑ ቦታ ተቀያየረ። ልክ ከሃንጋሩ፣ ከአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ ደጃፍ ጠዋት ጠዋት ያያት እንደነበረው። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«እኔም እያሰብኩበት ነበር» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አዎ፣ ፊትህ ላይ ይታይ ነበር» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እንዲህ ሆና አለቀች። አንዲት ሽብሽብ፣ አንዲት ብጉር የሌለባት፣ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንኳ እንዲህ ያማረች አይመስለኝም። ሚስማር በጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ አቅፎ ወደ ወንድሙ ቤት ይዟት ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ክርኑን ባስጠጋ ቁጥር የሙሽራ ሚዜ ይመስል ይቆጣ ነበር።

ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ጨበጠው፣ አስቀመጠው። አውሮፕላኗን ሲሰጠው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለ። ወደ መስኮቱ አዙሮ አያት። አውራ ጣቱን በግራ በኩል ከፓይለቱ መስኮት ሥር አሳረፈና ወዲያና ወዲህ አመላለሰው፤ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ ዓይነት። ከዚያ ተወው።

«በጣም ቆንጆ ናት» አለ። «የልጅ ልጅዎ ነው የሠራት?»

የሚስማር ቅስሙ ተሰበረ፤ አውሮፕላኗን ወደ ካርቶኑ መልሶ ተነሳ። ነርሷ ልጅ እስከ በር ሸኘችውና ክንዱን ይዛ «አይዞህ አጎቴ፣ ዛሬ ቀኑ ሆኖ ነው እንጂ አንዳንዴ ይሻለዋል» አለችው። እሱም ካርቶኑን አቅፎ ወጣ።

ቤት ሲገባ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሚስቱ ፊቱን አይታ ለመቀለድ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች።

«ምን አለ?»

«ምንም። እዚህ ጋ ዳበሳት፣ ከዚያ ተዋት» አለ፣ ካርቶኑን ከፍቶ ከግራ መስኮቷ ሥር እያሳያት።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

ሚስማር ኮቱን አወለቀ። ምን እንደነበር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንድ ክረምት የዕቃ መጫኛ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ያቺን አውሮፕላን ከግራ መስኮቱ ሥር ወግቷት ነበር። የሚተካ ላሜራ አልተገኘም። ሚስማር ሥራ ካቆመች ሌላ አውሮፕላን ላይ ቁራጭ ቆርጦ ለጠፈላት። ልጥፏ ጠንካራ ናት፤ ግን ቀለሟ ጠቆር ያለ ነው፣ አንዷ ማዕዘኗም በፀጉር ያህል ከፍ ብላ ቀርታለች። አውሮፕላኗ ፍጥነት ስትጨምር ነፋሱ በዚያች ማዕዘን ገብቶ ያፏጫል። ካፒቴኑ ከመጀመሪያው በረራ ሲመለስ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ መላው ሠራተኛ በተሰበሰበበት «ሚስማር! ልጥፍህ እስክንደርስ ስታፏጭ መጣች እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ማሾፊያው ይቺው ሆነች። ሚስማር ሪቬቱን ነቅሎ መታ፣ ዳሯን ደፈነ፤ እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማፏጨቷን ቀጠለች። አዲስ ላሜራ በመጣ ጊዜ ሊቀይራት ሲነሳ ደግሞ ካፒቴኑ «ተዋት፣ አትንካት» ብሎ ከለከለው። ሚስማርም ማሾፊያው እንዳይጎድልበት ነው ብሎ ተቀይሞት ነበር።

እንግዲህ ሰው ያንኑ አውሮፕላን በገዛ እጁ እንደገና ሲሠራ ነውሩን መልሶ አይለጥፍም። ሚስማርም አልለጠፈም፤ ጠግኖ ነው የሠራት። ይህ የመካኒክ በሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የነበረውን እንደነበረ ይሠራ ነበር።

«ታዲያ ለጥፋታ!» አለች ሚስቱ ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ።

ለመለጠፍማ ተነሳ። ግን አዲስ ፎይል የአሮጌ ላሜራ ፊት ከየት ያምጣ? በሳሙና አሸው፣ አላደበዘዘውም። በአመድ ፈተገው፣ ተቀደደ። ሻይ ውስጥ ነከረው፣ ሻይ የጠጣ ፎይል ሆነ። የወሩ መጨረሻ ደግሞ እየቀረበ ነው። ሚስማር ጠባዩ ተበላሸ፤ በሩን፣ ድመቷን፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ተቆጣ።

ሚስት አዲስ ጥቅል ገዝታ ነበር፤ ያን ቀን ድንቹ በክብር ለብሶ ነው ምድጃ የገባው። ሲበስል ጨውና ዘይቱ ፎይሉን ውስጥ ውስጡን በልቶት ግራጫማ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ፊት አውጥቷል። ልትጥለው ስትል ቆም አለች።

«ና እስኪ። ይሄ የጠቆረው አይሆንህም?»

ሚስማር ከእጇ ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ወሰደው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንቺ ሴትዮ» አለ በመጨረሻ፣ «በሕይወትሽ ያልሠራሽበት ቦታ ሃንጋር ብቻ ነው።»

ይህ ከእሱ አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ነበር፤ እሷም ስለምታውቅ ጨምር አላለችውም።

ቁራጩን አጠበው፣ በማንኪያ ጀርባ አቃናው፣ ከጥፍር ያነሰች ልጥፍ ቆረጠ። በደነዘ መርፌ ዳር ዳሯን ጫን ጫን እያደረገ ሪቬት አወጣላት። ለጠፋት። ሦስቱን ማዕዘኖች በጥጡ አሻሽቶ አስተኛ። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ እጁ በልማዱ ሊጫናት ሄደ፤ በግድ መለሰው። ማዕዘኗ በፀጉር ያህል ከፍ ብላ ቀረች። ጥጡን አስቀምጦ እጁን ከጭኑ ሥር ከተተው፣ ኋላ ሳያስበው እንዳያስተኛት።

ወንድሙ ቤት ሲደርስ ግድግዳው ተራቁቷል፣ ኮሪደሩ በታሰሩ ካርቶኖች ተሞልቷል። ነርሷ ልጅ የምግብ ዕቃ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። ካፒቴኑ አልጋው አጠገብ በቀረችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚስማርን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት።

«ይቀመጡ። ቤቱ እንዲህ ሆኖ አገኙት፣ ይቅርታ።»

«ግድ የለም፣ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ» አለው ሚስማር፤ ካርቶኑንም ከፈተ።

ካፒቴኑ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት። ወደ ብርሃኑ አዞራት። አውራ ጣቱ ማንም ሳያዘው ከግራ መስኮቱ ሥር ሄደ። ልጥፏን አገኘ። ሪቬቶቹን እየተከተለ ዳር ዳሯን ዞረና ከፍ ያለችው ማዕዘን ጋ ሲደርስ ቆመ። ከንፈሩን አሹሎ፣ በጥርሱ መሀል አየር አስወጥቶ፣ ቀጭን ዝቅ ያለ ፉጨት አፏጨ። ልጁ የያዘችውን ሳህን ይዛ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

«ይቺን ወንድሜ ነው የለጠፋት» አለ ካፒቴኑ።

ሚስማር ወደ እሱ ጠጋ አለ። «ወንድምዎ?»

«ታናሼ። መካኒክ ነው። ሚስማር ነው የምለው» አለና ሳቀ። «ያውቁታል?»

ስንት ቀን የጠበቃት ስም ይቺው መጣች። መጥታ ግን እሱ ላይ አላረፈችም፤ ካፒቴኑ በትሕትና መልስ እየጠበቀው ነው። ሚስማር «እኔ እኮ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ያን ግራ የተጋባ ፊትና ያን ይቅርታ አስታወሰና መልሶ ዋጠው።

«አውቀዋለሁ» አለ። «በደንብ አውቀዋለሁ።»

ካፒቴኑ ምስጢር ሊነግረው ጎንበስ አለ። «በፉጨቷ አሾፍበታለሁ። ሆዱ ይብሰዋል፣ ልቀይራት ይለኛል። እኔ ግን እምቢ አልኩት። ደመና ውስጥ ገብቼ ምንም በማይታየኝ ሰዓት እሷን ስሰማ ወንድሜ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል። አንድ ቀንም ፈርቼ አላውቅም።»

«ይህን ነግረውታል?»

«ኧረ! ያን ሁሉ ሰው አስቄበት፣ ከዚያ በኋላ በምን አፌ?» ካፒቴኑ አውሮፕላኗን ደረቱ ላይ አስጠጋ። «እርስዎ ሲያገኙት ይንገሩልኝ። ወንድምህ እንዲህ ብሏል ይበሉልኝ።»

የሚስማር ዓይን እንባ ሞላው። ላለማፍሰስ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ቆየ፤ አልሆነለትምና በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«እነግረዋለሁ» አለ።

«አደራ» አለ ካፒቴኑ እጁን ጨብጦ። «እንዳይረሱት።»

«አልረሳውም፣ ጋሼ» አለው ሚስማር።