የጎተራው ክፍተት

ሄስተር ፒኖክ አንዱን ጆንያ ከፍ ስታደርገው ስንዴው ጫማዋ ላይ ተዘረገፈ። የጆንያው ሥር ተበልቷል። ከጥጉ ጭራ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

በዚህ ጎተራ አይጥ ታየ ሲባል በርስቱ ላይ የሰማ ሰው የለም። የድሮ አናጺዎች የእንጨቱን ቤት መሬት አላስነኩትም፤ እንጉዳይ በሚመስሉ ድንጋዮች ላይ ነው ያስቀመጡት። አይጥ የድንጋዩን እግር ብትወጣ እንኳ እንደ ባርኔጣ የሰፋው አናቱ ሥር ስትደርስ መያዣ አጥታ ትወድቃለች።

ስንዴው ደግሞ እንደሌላው ስንዴ አይደለም። ለፍሬው ሳይሆን ለረጅም አገዳው የሚዘራ፣ ከዚህ ጎተራ በቀር የትም የማይገኝ ዘር ነው። ማዶ ያለው ትልቁ መውቂያ ቤት ጣራው የሚከደነው በዚህ አገዳ ነው። የርስቱ እመቤት ወይዘሮ ላቪኒያ ቁርጡን ተናግረዋል፤ አገዳ ከጠፋ ቆርቆሮ ይመታል። የሄስተር አባት ሳይላስ ዕድሜውን የፈጀው በዚያ ጣራ ሥር ነው።

ጣራ ከዳኙ ባርናቢ ተጠርቶ መጣ። በደረቱ ተስቦ ከወለሉ ሥር ገባ፤ አይጥ የምትወጣበት የተደገፈ እንጨትም ሆነ ያደገ ሣር አላገኘም። ሸሚዙን እያራገፈ ወጣ።

«ድመትሽ ጡረታ ወጥታለች» አላት። «አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።»

«ሁለታችሁም ሥራ የምትጀምሩት ሻይ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።»

«እሷስ ወተቷን ትጠጣለች። እኔን ማን አስቦኝ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ፤ ድመቷ ከሞቀ ምድጃዋ ተነስታ ጎተራ አደረች። ጠዋት ሌላ ጆንያ ተበስቶ ተገኘ። ድመቷም እላዩ ላይ ተኝታ ነበር።

የዚያን ዕለት ሳይላስ ጉንፋኑ ለቆት ከአልጋ ተነሳ። ሳምንቱን ሙሉ ስላልወጣ ሄስተር የአይጡን ነገር ደብቃዋለች። ምርኩዙን ይዞ እስከ ጎተራው ደረጃ መጣና፣ በሩ ላይ የተበሳውን ጆንያ አየ። ከዚያ አጎንብሶ ከደረጃው ወደ በሩ የተጋደመውን ሳንቃ ተመለከተ።

ሳንቃውን ያመጣችው ሄስተር ናት። የድንጋዩ ደረጃ ከበሩ ጋር አይገጥምም፤ መጨረሻው ላይ ሰፊ ክፍተት አለ። በጸደይ ወራት አባቷ እዚያ ቆሞ ክፍተቱን በዓይኑ ሲለካ፣ ከዚያም «ዛሬ ነፋስ አለ» ብሎ ሲመለስ አይታው አንጀቷን በላት። እጅህን ስጠኝ እንዳትለው፣ ኮት ሲለብስ እንኳ መታገዝ የማይወድ ሰው ነው። ስለዚህ ሳንቃ አጋደመችና ጆንያ ለማውጣት ይመቻል አለችው። እሱም አመስግኗት በላዩ ተራመደ።

«ክፍተቱ እኮ የተተወው አይጥ እንዳይገባ ነው» አለ ሳይላስ። «አይጥ ደረጃውን ትወጣለች፤ ይህን መዝለል ግን አትችልም።»

ሄስተር ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ታውቅ ነበር?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«አባዬ፣ ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ምን ብዬ ልንገርሽ?» ምርኩዙን ነካካ። «ማታ ማታ አነሳው ነበር። ጠዋት ሳትነቂ እመልሰዋለሁ። ጉንፋኑ ነው ጉድ የሠራን።»

በጋውን ሙሉ፣ በዚያ ወገቡ፣ እሷን ላለማስቀየም ጎንበስ ቀና ሲል ኖሯል። ሄስተር ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። የእሷ ይሉኝታና የእሱ ይሉኝታ ተጋግዘው ለአይጥ ድልድይ ሠርተዋል።

ባርናቢ ከውስጥ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆይቶ ብቅ አለ። የተነኩት በሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ለዘር ይበቃል» አለ። «ይተርፋልም። ወይዘሮ ላቪኒያ ቆርቆሮውን ለዶሮ ቤት ያድርጉት። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ውስጥ የቀሩትን ድመትሽም አታጣቸውም።»

ሄስተር እፎይ አለች። ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሳንቃውን ራሷ አንስታ ሣሩ ላይ ጣለችው። ከዚያ ክፍተቱን ተሻግራ በሩ ላይ ቆመችና እጇን ዘረጋችለት።

ሳይላስ እጇን አየ፤ ክፍተቱን አየ፤ ሰማዩንም አየ።

«ዛሬ ነፋስ የለም» አለና እጇን ያዘ።